የዓለቱ መቀነት

ዓለት እንደ ሰው እንደሚያረጅ የተማርሁት ከመምህራኖቼ እግር ሥር አይደለም፤ ዕድሜዬ ከመሸ በኋላ፣ በአንድ የኅዳር ሚካኤል ሰሞን ነው። ትምህርቱን ስቀበልም የእናቴ ልጅ፣ በዚህ ዓለም የቀረችኝ አንዲት እኅቴ፣ ከዓለቱ ሥር ነበረች። ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ የሆነውን እንደ ሆነ ቀስ ብዬ እተርክላችኋለሁና ሳትቸኩሉ ተከተሉኝ።

ያን ጊዜ ከጎንደር አድባራት በአንዱ ለረጅም ዘመን ዜማ ካስተማርሁ በኋላ፣ ጉልበቴ ማሕሌት መቆም ሲሳነው ወንበሩን ለደቀ መዝሙሬ ለቅቄ፣ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ባለው ቤታችን ከልጄ ከሰናይት ጋር እኖር ነበር። ሰናይት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህርት ናት። እርሷ ስለ ምድር ትነግረኛለች፤ እኔ ስለ ሰማይ እነግራታለሁ፤ ሁለታችን ያለ ክርክር የምንገናኘው ዝናብ ላይ ብቻ ነበር።

እኅቴ በምንኩስና ስሟ እማሆይ ወለተ ሚካኤል ትባላለች፤ እናታችን ያወጣችላት ስም ግን ትርንጎ ነው። ባሏ ሲያርፍ ቆብ ደፍታ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ መኪና በማይደርስበት ደጋ፣ ስሟን በማልጠቅሳት አንዲት የገጠር ሚካኤል ደብር የጸበሉ አገልጋይ ሆነች። ጸበሉ የሚወርደው ከአንድ ትልቅ ጥቁር ዓለት ነው። ዓለቱ አናቱ እንደ ቤት ክፈፍ ወደ ፊት የወጣ ሲሆን፣ ከሥሩ በሰው ወገብ ቁመት ላይ አመድማ፣ ለስላሳ ድንጋይ ከዳር እስከ ዳር ይዞታል። የአገሩ ሰው ይህን ለስላሳ ድንጋይ የዓለቱ መቀነት ይለዋል። ተጠማቂው ጸበሉን ከወሰደ በኋላ መቀነቱን በጥፍሩ ወይም በማንኪያ፣ አንዳንዱም በሚስማር ይፍቃል፤ ዱቄቱን እምነት ብሎ ግንባሩን ይቀባል፤ ቤት ለቀረ ሕመምተኛም በነጠላው ጫፍ ቋጥሮ ይወስዳል። አባቶቻችን አድርገውታል፤ እኔም በልጅነቴ ተቀብቻለሁ። የእኅቴ ጎጆ ከዚያው ከዓለቱ ክፈፍ ሥር ነበረች፤ የኋላ ግድግዳዋ ዓለቱ ራሱ ነበር።

ያ ክረምት የበረታ ነበር። መስከረም ካለፈ በኋላ እኅቴ በሰው ስልክ ደወለችልኝ። ድምፅዋ እንደ ልጃገረድ ድምፅ ይዘል ነበር።

“አያ! ጸበሉ በዛ! ዘንድሮ ሚካኤል በእጥፍ ጎበኘን! ለበዓሉ መቅረት የለም፤ ና!”

ለሰናይት በደስታ ነገርኋት። እርሷ ግን አልተደሰተችም።

“አባባ፣ ውሃው የሚወርደው በድሮው ቦታ ነው?”

በዚያው ስልክ መልሼ ደውዬ ጠየቅሁ። እኅቴም፣ “የለም፤ ከላይ ነው እንጂ! ከዓለቱ መሐል በአዲስ በር ወጣ” አለችኝ።

ሰናይት ይህን ስትሰማ ከትምህርት ቤቷ ፈቃድ ጠየቀችና አብራኝ ልትሄድ ተነሣች። ለምን እንደሆነ መንገድ ላይ ስጠይቃት፣ “ሳላይ አልናገርም” ብቻ አለችኝ።

ከበዓሉ ሁለት ቀን ቀደም ብለን ደረስን፤ እርሷ በእግሯ፣ እኔ በኪራይ በቅሎ። እኅቴ ከጎጆዋ ወጥታ ከሩቅ አየችን።

“አያ! አንተ ነህ በበቅሎ የምትመጣ? ድሮ እኮ እንደ ፍየል ነበር የምትዘል!”

“ፍየሉ አረጀ፣ እማሆይ።”

“አረጀ እንጂ ቀንዱ አልወለቀም” ብላ ስቃ ጉንጬን ሳመችኝ። ሰናይትንም አቅፋ፣ “ምነው የኔ ሸጋ እንዲህ ከሳሽ? ጎንደር እህል የለም?” አለቻት። ሰናይት ግን በአክስቷ ትከሻ ላይ አሻግራ ዓለቱን ትመለከት ነበር።

እኔም ተመለከትሁ፤ ስንት ዘመን ሳየው የኖርሁትን ዓለት ያን ዕለት በልጄ ዓይን እንደ አዲስ አየሁት። አናቱን የድንጋይ ሽበት ወርሶታል። በላዩ የበቀለ የጽድ ዛፍ ሥሩን እንደ ጣት ወደ አንድ ስንጥቅ አስገብቷል። ከስንጥቁ ዳርና ዳር ድንጋዩ እንደ ዛገ ማረሻ ቀልቷል። አዲሱ ጸበል የሚንቆረቆረው ከዚያ ስንጥቅ ነው። ከሥር ደግሞ መቀነቱ ስንት ትውልድ ፍቆት ፍቆት ክንድ እስከሚያስገባ ድረስ ወደ ውስጥ ጎድጉዷል፤ ያ ሁሉ ጥቁር ዓለት የተቀመጠበት ወገብ ተበልቷል። ከጎጆዋ በር አጠገብም ጠርዛቸው ያልደነዘ ስብርባሪ ድንጋዮች በወግ ተከምረው ነበር።

“አክስቴ፣ እኒህ ከየት መጡ?” አለች ሰናይት።

“ከዓለቱ ነዋ። ጠዋት ፀሐይ ሲነካው ይጥላል። እኔም እጠርጋለሁ። ጸበልተኛ እግሩን እንዳይቆርጠው።”

“በየቀኑ?”

“ድሮ አልፎ አልፎ ነበር። አሁን በየቀኑ ነው።”

ሰናይት ስንጥቁ ሥር ቆማ ነገሩን አስረዳችን። ውሃው ወደ ስንጥቁ ይገባል፤ በዚህ ደጋ ሌሊት ውርጭ ሲወርድ ይረጋል። ሲረጋ ደግሞ ያብጣል፤ ሲያብጥም ዓለቱን ከውስጥ ይገፋዋል። በቀን ይሟሟና ወደ ባሰ ጥልቀት ይወርዳል፤ ሌሊት እንደገና ይረጋል። ፀሐይም የዓለቱን ፊት ታሞቀዋለች፤ ውስጡ ግን ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ ፊቱ እየተላጠ ይወድቃል። የዛፉ ሥር በበኩሉ ያሰፋዋል። የውሃው መብዛትም ስንጥቁ ከጀርባ ስለተከፈተ ነው። ይህን ሁሉ ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አክስቷን በልመና ዓይን እያየች ነበር።

እኅቴ እስከ መጨረሻው ሰማቻት። ከዚያም እንዲህ አለች፦

“ልጄ፣ ይህ ዓለት የአያቶቻችንን አያቶች ያየ ነው። እነርሱን ትቶ እኔ ላይ ምን ቆርጦት ይወድቃል?”

“አንድ ቀን መውደቁ አይቀርም፣ አክስቴ።”

“ቢወድቅስ? ከሚካኤል ደጅ የተሻለ መቃብር ከየት አገኛለሁ? እኔ እዚህ የመጣሁት ለመሞት ነው። ከዚህ አልወጣም።”

እኔ እስከዚያች ሰዓት በሁለቱ መካከል ነበርሁ። የልጄን ዕውቀት አከብራለሁ፤ የእኅቴንም እምነት እጋራለሁ፤ ዓለት የማይናወጥ ነገር ምሳሌ ሆኖ በዜማም በቅኔም ሲመላለስብኝ የኖርሁ ሰው ነኝ። ነገር ግን “አልወጣም” ስትል አንዲት የባቄላ ፍሬ የምታህል ጠጠር ከላይ ወርዳ ከእግሯ አጠገብ አረፈች። እርሷም ሳታስበው በመጥረጊያዋ ወደ ክምሩ ገፋቻት። ያን ጊዜ ልቤ ወደ ሰናይት አደላ።

ከጎጆዋ በር ላይ ተቀመጥሁና እንዲህ አልኋት፦

“ትርንጎ፣ አባባ ከማሳው መሐል የነበረውን ያን ጋሬጣ ድንጋይ እንዴት እንዳነሣው ታስታውሻለሽ?”

ከመነኰሰች ወዲህ በዚያ ስም ጠርቻት አላውቅም ነበር። ፊቷ ለስለስ አለ።

“በእሳት ነዋ! ግንድ ከምሮ ቀኑን ሙሉ አነደደበት። እኔና እማማ ከምንጭ ውሃ ቀድተን አመጣን። ድንጋዩ ሲግል ውሃውን ከለበሰበት። ጯ! ብሎ ለሁለት! አንተማ ታላቄ ሆነህ ሳለ ደንግጠህ ከእማማ ቀሚስ ሥር ተሸጎጥህ።”

“ተሸጎጥሁ። አባባ በአንድ ቀን ያደረገውን ፀሐይና ውርጭ በዚህ ዓለት ላይ ከፍጥረት ጀምሮ ሲያደርጉበት ኖረዋል። ማገዶውም ውሃውም አልጎደለባቸውም።”

ወደ ዓለቱ ቀና ብላ አየች። ከዚያ ከቀሚሷ ኪስ የወይራ መፋቂያዋን አወጣች፤ ተነሥታም በቁመቷ ወደምትደርስበት የስንጥቁ ጠባብ ቦታ ሄደች። መፋቂያውን እዚያ ወተፈችው፤ በድንጋይም መታ መታ አድርጋ አጠበቀችው። ሰናይት ብትጎትተው አልነቀነቅ አለ።

“ይኸው” አለች እኅቴ። “እስከ ነገ ጠዋት እንዲህ ነክሶ ከያዘው፣ እናንተ አፋችሁን ትዘጋላችሁ። ከለቀቀው፣ እንነጋገራለን።”

“ማታውን ግን ከዚህ አታድሪም” አልኋት።

“ለአንድ ማታማ ከወንድሜ ጋር ባድር ሚካኤል አይቀየመኝም” ብላ፣ በግቢው በር አጠገብ ባለው የእንግዳ ማረፊያ አብራን አደረች።

በማግስቱ ስነሣ መስኩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነበር። እኅቴ አጠገቤ የለችም። ጉልበቴን እየጎተትሁ ወጣሁ። ከዓለቱ ራቅ ብላ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች። ስደርስ መፋቂያው በእጇ ነበር።

“መሬት ላይ ወድቆ አገኘሁት” አለችኝ። “ይላላ ይሆናል ብዬ ነበር እንጂ በአንድ ሌሊት ይለቀዋል አላልሁም።”

“እንግዲህ ትወጫለሽ?”

መልሱን ስጠብቅ እርሷ ግን እኔን ሳይሆን ከጸበሉ ሥር ያለውን፣ ሰው ለመጠመቅ የሚቆምበትን ጠፍጣፋ ቦታ ታይ ነበር።

“አያ፣ ነገ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው እዚያ ይቆማሉ።”

“ይቆማሉ።”

“እኔ እዚህ የመጣሁት ለመሞት ነው። እነርሱ ግን ለመዳን ነው የሚመጡት።” ነጠላዋን አጥብቃ ወገቧ ላይ አሰረች። “በል ተነሥ፤ ቄሰ ገበዙ ዘንድ እንሂድ።”

ወገኖቼ፣ ስለ ራሷ ስንለምናት ያልተነቃነቀችው ሴት ስለ ሰው ስታስብ ከእኔ ቀድማ ሄደች። በዘመኔ ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ አጭር ግን አልሰማሁም።

የደብሩን ንብረትና ሥርዓት የሚጠብቁት ቄሰ ገበዝ አምሳሉ ነገሩን ሲሰሙ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

“ነገ ያ ሁሉ ሕዝብ ሊመጣ ጸበሉን እንዝጋ? ምን ትላላችሁ!”

“አይዘጋም” አለች ሰናይት። “ውሃውን ወደ መስኩ እናውርደው። ታች ሜዳው ላይ ይጠመቁ።”

“በምን?”

“ገበሬዎቹ ሽንኩርት በሚያጠጡበት ጎማ።”

“በጎማ!” ቄሱ ወደ እኔ ዞሩ። “የኔታ፣ ይሰማሉ? የሚካኤልን ጸበል በነጭ ሽንኩርት ማጠጫ ጎማ! ሕዝቡ ‘ጸበሉን አሸሹት’ ብሎ በድንጋይ ቢወግረንስ?”

“ድንጋዩስ ሞልቷል” አለች እኅቴ፤ “እኔ በየቀኑ እጠርገው የለ?”

ቄሱ ሳይወዱ ፈገግ አሉ። እኔም ፈገግታቸው የከፈተልኝን በር አላሳለፍሁትም።

“አባ፣ ቤተ መቅደሱ አርጅቶ ሲታደስ ታቦቱ የት ይገባል?”

“መቃኞ ነዋ።”

“መቃኞውስ በምን ይሠራል?”

“በእንጨትና በጭቃ። እንደ ተገኘው።”

“ያን ጊዜ የታቦቱ ክብር ቀነሰ ብሎ የተናገረ ምእመን ሰምተው ያውቃሉ?”

ቄሰ ገበዙ መቋሚያቸውን ነቀሉ። ጥቂት አሰቡና፣ “እንግዲህ ጎማው የጸበሉ መቃኞ ነው ማለት ነው” አሉ። “ይሁን። ግን አስቀድሞ ይታጠብ። ሽንኩርት ሽንኩርት እንዳይል።”

ከቀትር በኋላ፣ ዓለቱ ጠጠር መጣሉን ሲያቆም፣ ሁለት ጎበዞች ቆርቆሮ አጥፈው ከውሃው ሥር ደገፉ፤ ጎማውንም ገጥመው ወደ መስኩ ዘረጉት። በዓለቱ ዙሪያ የቀጋ እሾህ አጠርን። እኅቴ ከጎጆዋ አጎዛዋንና ማሰሮዋን ብቻ ይዛ ወጣች። በሩን ስትዘጋው ግን እጇ በመዝጊያው ላይ ቆየ። አላቻኰልኋትም።

የበዓሉ ጠዋት ከቅዳሴ በፊት ሕዝቡ ወደ መስኩ ጎረፈ። ጎማውን ሲያዩ ማጉረምረም ጀመሩ። “ምነው እማሆይ፣ ከሚካኤል ደጅ አባረራችሁን?” አሉ። “አላባረርኋችሁም፤ ሚካኤል ወደ እናንተ ወረደ እንጂ” እያለች ለአንዱ በቅል ትቀዳለች፤ ሌላውን ትገሥጻለች። ቀስ በቀስም ሰልፉ ሥርዓት ያዘ። ፀሐይ የዓለቱን አናት ነካች።

በዚህ መካከል አንድ ጎልማሳ ከሰልፉ ወጥቶ ሲሄድ አየሁ። እናቱ አልጋ ላይ እንደሆነችና እምነት እንዲያመጣላት ከሩቅ እንደላከችው ለሰው ሲናገር ሰምቼው ነበር። የቀጋውን አጥር በዱላው ገለጥ አድርጎ ገባ። ከመቀነቱ ሥር ተንበርክኮም መፋቅ ጀመረ።

“ኧረ አንተ ልጅ! ውጣ!” ብዬ ጮኽሁ። አልሰማኝም። ጉልበቴም አልታዘዘኝም።

እኅቴ ግን የያዘችውን ቅል ጥላ ሮጠች። የሰባ ዓመት መነኵሲት ያን አጥር እንዴት እንዳለፈችው እስከ ዛሬ አይገባኝም። ሰናይት ተከትላት ልትሮጥ ስትል ቀሚሷን ይዤ አስቀረኋት፤ ሁለቱንም ማጣት አልችልም ነበር። ከዓለቱ ጠጠር እየወረደ ነበር። መጀመሪያ አንድ አንድ፣ ኋላም እንደ በረዶ። እኅቴ ጎልማሳውን ከክንዱ ይዛ ስትጎትተው፣ እርሱ ግን ጨርቁን ለመቋጠር ሲታገል አየሁ። የምትለውም ከዚያ ድረስ ይሰማኝ ነበር፦

“እናትህ የምትሻው አንተን ነው ወይስ አመዱን? ተነሥ እልሃለሁ!”

ከዚያ አንድ ድምፅ ሰማሁ። የድንጋይ ድምፅ አይመስልም ነበር፤ አዲስ አቡጀዲ ሲቀደድ የሚያሰማውን ይመስል ነበር። የጽዱ ዛፍ በነፋስ እንደ ተገፋ ወደ ፊት አዘነበለ። ቀጥሎ የዓለቱ አናት ከነዛፉ፣ ከነሽበቱ፣ ቀስ ብሎ ከተራራው ተለየ። መሬቱ ከእግራችን ሥር ዘለለ። አመድማ አቧራ ተነሥቶ ሁሉን ሸፈነው፤ ዓለቱም፣ ጎጆዋም፣ እኅቴም አልታይ አሉ።

ሕዝቡ በአንድ ቃል “እግዚኦ!” አለ። እኔ ግን፣ ዕድሜዬን ሙሉ በዜማ የኖርሁ ሰው፣ ስሟን እንኳ መጥራት አቃተኝ።

ከአቧራው ውስጥ መጀመሪያ የመጣው ቁጣዋ ነው።

“አመዱን አልለቅም ይለኛል እኮ! ግትር!”

ወዲያውም ሁለቱ ወጡ። እርሱ ባዶ እጁን ነው፤ ጨርቁ ከእጁ ወድቋል። እርሷ ከቆቧ እስከ እግሯ በመቀነቱ ዱቄት ነጭ ሆናለች። ሰናይት አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። እኔም ደርሼ እጇን ያዝሁ፤ ልለቀውም አልቻልሁም።

ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። ጎማው ጥቂት ተንጠባጠበና ደረቀ። የሕዝቡ ዓይን ሁሉ ወደ ጎማው፣ ከዚያም ወደ እርሷ ዞረ። እኅቴ ሣሩ ላይ ተቀመጠች።

“አያ፣ ጸበሉን አጠፋሁት” ብላ እንደ ሕፃን አለቀሰች።

ያን ጊዜ ያ ጎልማሳ መጥቶ ከፊቷ ተንበረከከ። አውራ ጣቱን በነጠላዋ ላይ ካረፈው ዱቄት ነክቶ ግንባሩን ቀባ። ከዚያም እየተጠነቀቀ ከእጅጌዋ ጥቂት አራግፎ በጋቢው ጫፍ ቋጠረ።

“ምን ታደርጋለህ አንተ? እኔ አመዳም አሮጊት ነኝ!”

“ለእናቴ ነው፣ እማሆይ። ከእርስዎ ላይ እንዳነሣሁት እነግራታለሁ።”

ከበስተኋላው አንዲት እናት ሕፃኗን አዝላ መጣች፤ ከእርሷም በኋላ ሌሎች። ማንም ስለ ውሃው አልተናገረም። ቄሰ ገበዝ አምሳሉ ዓይናቸውን በመደረቢያቸው ጠርገው፣ “በሉ ወደ ቅዳሴ! ሁላችሁም በሕይወት አላችሁ፤ ከዚህ የበለጠ ምን ጸበል ትሻላችሁ?” አሉ።

ውሃው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከፍርስራሹ ግርጌ ወጣ። በመጀመሪያ ቀይ ነበር፤ እየዋለ እያደረ ጠራ። ካህናቱ ጸልየውበት ዛሬ እዚያው መስኩ ጠርዝ ላይ ይጠመቁበታል።

እናንተ የምታነቡኝ ሆይ፣ ያ ቀን በእኔ ላይ የለወጠውን ልንገራችሁ። የሰው ሥጋ ከአራት ባሕርያት፣ ከእሳት፣ ከነፋስ፣ ከውሃና ከመሬት እንደ ተሠራ ሳስተምር ኖሬአለሁ። ዓለትንም የሚያፈርሱት እነርሱው መሆናቸውን ግን አላስተዋልሁም ነበር፤ ፀሐይ ታግለዋለች፣ ነፋስ ይፍቀዋል፣ ውሃ ይሰነጥቀዋል፣ አፈር የያዘ ሥር ይፈለቅቀዋል። ያን ካየሁ ወዲህ መፍረስ እንደ ቅጣት አይታየኝም። የዚያ የወገራ ደጋ ገብስ የቆመበት አፈር ሁሉ አንድ ዘመን ዓለት ነበር፤ ዓለቱ እንደ ጸና ቢቀር ኖሮ የምንበላው ባልኖረም። የማይናወጥ ነገር እያልሁ የማወድሰው ያ ጽናት ሰውን የሚመግበው ሲላላ ነው። ፈጣሪ ድንጋይን እንኳ በዝግታ፣ በዘመናት ትዕግሥት የሚያለሰልስ ከሆነ፣ እኛ እርስ በርሳችን ላይ ምን አስቸኰለን?

ከእናንተም መካከል እንደ እኅቴ ያለ፣ ከሚያሰጋ ጥላ ሥር አልወጣም ያለ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ያላችሁ ትኖራላችሁ። በዕውቀታችሁ አታስጨንቁት። ሄዳችሁ ከደጁ ተቀመጡ፤ በልጅነት ስሙ ጥሩት፤ ልቡ ስለ ማን እንደሚያስብ ጠይቁት። የሚወጣበት በር በዚያ በኩል ሊሆን ይችላል።

ሰናይት ለአክስቷ ስልክ ገዝታላታለች። ጎንደር መጥታ አብራን እንድትኖር ለመንናት፤ “ጸበልተኛውን ማን ይቆጣዋል?” ብላ እምቢ አለች። አዲሷ ጎጆዋ ከሜዳው መካከል ናት። ስለዚህ ኅዳር ከገባ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት፣ ከጸሎቴ በፊት፣ እደውልላታለሁ።

“ውርጭ ወረደ፣ ትርንጎ?”

“ወረደ። ሜዳው ነጭ ነው።”

“የት ነሽ አንቺ?”

“ፀሐይ ላይ ነኝ፣ አያ። ከራሴ በላይ ሰማይ ብቻ ነው።”

ከዚያ በኋላ መጸለይ እችላለሁ።